ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ሜታል መሰብሰብ፦ ካሴት፣ ሲዲ፣ ሸክላና ቲሸርት

ደብረ ብርሃንም ሁን ደብረ ሲና፣ መሐል ሜዳም ሁን ሸዋ ሮቢት፣ ሄቪ ሜታል ምትወድ ከሆነ እስካሁን ያለህ ነገር ስልክህ ውስጥ ያለ ፋይልና ዩቲዩብ ነው ብዬ ልገምት። ምንም ችግር የለውም። ግን አንዳንድ ሰው አለ አልበሙን በእጁ ካልያዘ፣ ሽፋኑን ካላገላበጠ፣ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ካላነበበ የሰማው ማይመስለው፣ ይሄን ምጽፈው ለሱ ነው (አንቺም እህቴ ከሆንሽ ያው ነው፣ "አንተ" እያልኩ ብቀጥል አትቀየሚኝ)። ሰው ሁሌ ሚጠይቀው "ከየት ይገኛል?" ብሎ ነው። እኔ ደሞ መጀመሪያ የያዝከው ነገር ምን እንደሆነ መለየት ልመድ ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እቃው ካሰብከው በላይ ይገኛል፣ ብር ሚበላው ሳያውቁ መግዛት ነው።

በመጀመሪያ አጥብብ። "ሜታል እሰበስባለሁ" ማለት ምንም እንደማለት ነው፣ የሜታል ጀማሪ ሚባሉት ብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበማቸውን በፈረንጆች የካቲት 13 ቀን 1970 (ሌላ ካላልኩ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ካወጡ ጀምሮ እስከዛሬ የወጣው ባንድና አልበም ተቆጥሮ አያልቅም፣ ደሞዝህም አይችለውም። ስለዚ አንድ ክር ያዝ። ለምሳሌ አንድ ባንድ መርጠህ ሙሉውን መሰብሰብ ትችላለህ፣ ወይ ትራሽ (ፈጣኑ የሜታል ዘርፍ) ብቻ ከ1983 እስከ 1990፣ ወይ ደሞ የአፍሪካ ሜታል ብቻ። ይሄ የመጨረሻው በኔ እይታ ብዙ ሰው ያልነካው ነው። ቦትስዋና ውስጥ ስኪንፍሊንት፣ ረስት፣ ኦቨርትረስት ሚባሉ ባንዶች አሉ፣ አድናቂዎቻቸው በዛ ሀሩር ሙሉ ቆዳ በቆዳ ለብሰው ነው ሚወጡት፣ ፎቷቸውን ፈልገህ እይ። ከኛ ሀገር ደሞ ሄቪ ሜታል ነው ብሎ መማል ቢከብድም ጊታሩ ወፈር ያለ ነገር ከፈለግክ የጃኖ ባንድ ኤርታሌ አለ፣ በ2012 በፈረንጆቹ የወጣ፣ ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል ነው። የሀገርህን ሮክ ሳትይዝ የበርሚንግሃሙን ብላክ ሳባዝ ፍለጋ መሄድ ለኔ ትንሽ ይከብደኛል፣ ግን የራስህ ምርጫ ነው።

ካሴትና ሲዲ ይቅደም

ሁሉም ሰው ሸክላ ሸክላ ይላል አሁን። ፋሽን ሆኗል። እኔ ግን ጀማሪ ሰው በካሴትና በሲዲ ቢጀምር ነው ምለው፣ አንደኛ ርካሽ ነው፣ ሁለተኛ ማጫወቻው እያንዳንዱ ቤት ቁምሳጥን ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፣ ሦስተኛ ሜታልን ያሳደገው ራሱ ካሴት ነው። በ80ዎቹ ትራሽና ዴዝ ሜታል በሬዲዮ አልተስፋፋም፣ ልጆች ዴሞ (ባንዱ ከአልበም በፊት ለሙከራ የቀዳው) ካሴት እየገለበጡ በፖስታ ከሀገር ሀገር ይላላኩ ነበር፣ ሜታሊካም ኮንትራት ሳይኖራቸው በ1982 የቀዱት ዴሞ እንዲ እጅ በእጅ ዞሮ ነው ስማቸው የወጣው። ከጓደኛ ተውሶ ባዶ ካሴት ላይ መገልበጥ ለኛ ቤት አዲስ ነገር አይደለም መቼም።

ካሴት ስትገዛ መጀመሪያ ቀፎውን እይ። አራት ማዕዘኑና መሃሉ ላይ ቡሎን ካለው ጥሩ ነው፣ ሚፈታ ስለሆነ ቴፑ ቢጠላለፍ ወይ ቢበጠስ ከፍተህ ታስተካክለዋለህ፣ በማጣበቂያ የተዘጋው ግን ካልሰበርከው አይከፈትም። ከዛ ከታች በክፍቱ በኩል ስታይ ቴፑን ከኋላ ሚደግፍ ትንሽ ስፖንጅ አለ፣ እሱ ከወደቀ ድምፁ ይታፈናል፣ በአንዱ ጆሮ ይሰማል በሌላው አይሰማም። ቴፑ ላይ ነጭ ነጭ ዱቄት መሳይ ካየህ ሻጋታ ነው፣ ማጫወቻህ ውስጥ እንዳታስገባው፣ ወደሌሎቹ ይዛመታል። ብዙ ዓመት ያልተጫወተ ካሴት ካገኘህ ወዲያው ፕለይ አትበል፣ አንዴ እስከመጨረሻው አሂደህ መልሰህ ጠቅልለው፣ በእርሳስ ብታደርገው ደሞ የበለጠ ታዝንለታለህ።

አሁን ወሳኙ ነገር፦ ካሴቱ ጀርባ ላይ ከላይ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች አሉ አይደል፣ እነሱ ካልተሰበሩ ማንም ሰው በላዩ መቅዳት ይችላል። ኦርጅናል ካሴት ፕላስቲኮቹ ተሰብረው ነው ሚመጣው ግን ድሮ ሰዉ ቀዳዳውን በወረቀት ወይ በፕላስተር ደፍኖ ይቀዳበት ነበር፣ ስለዚ ሽፋኑ አይረን ሜደን ሆኖ ውስጡ መዝሙር ወይ የሰርግ ዘፈን ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ጎን ሳትሰማ ብር አትስጥ። የራስህ ዴሞ ወይ ብርቅ ቅጂ ከሆነ ደሞ ፕላስቲኳን ስበራት በቃ፣ እናትህም ሆነች ታናሽ ወንድምህ በላዩ አይቀዱበትም።

ማጫወቻው ቀስ ብሎ ሚሄድ ወይ ሚያላዝን ከሆነ ብዙ ጊዜ ቺንጋው ላልቶ ነው። ቴፕ ጠጋኝ ጋ ወስደህ ላስቲኩን ማስቀየር ነው፣ ትልቅ ሥራ አይደለም። ሄዱንም (ቴፑን ሚያነበውን ክፍል) በጥጥና በአልኮል ጠርገው።

በነገራችን ላይ ካሴት ላይ ብቻ ሚገኝ ደስ ሚል ነገር አለ። የስሌየር ሬይን ኢን ብለድ፣ 1986 የወጣው፣ ሙሉው አልበም 29 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ካሴቱ አንድ ጎን ላይ ሙሉው አለ፣ ስትገለብጠውም ድጋሚ ሙሉው አለ። ሪዋይንድ ሚባል ነገር የለም። እሱን ካሴት ያገኘህ ቀን ደውልልኝ።

ሲዲ ላይ ብዙ አልቆይም። ጀርባውን ወደ ብርሃን አዙር፣ ብርማ ከሆነ ብዙ ጊዜ በፋብሪካ የታተመ ነው፣ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ ወይ ሐምራዊ ቢጤ ከሆነ በኮምፒዩተር የተቃጠለ ነው፣ ሽፋኑ የቱንም ያህል ቢያምር። መሃል ቀዳዳው ዙሪያ ጥቃቅን ቁጥርና ፊደል አለ፣ ያ የፋብሪካ ቁጥሩ ነው፣ በፎቶ አንስተህ ዲስኮግስ ሚባለው የሙዚቃ ህትመቶች ድረ ገጽ ላይ ፈልገው። ከ1994 ወዲህ የታተሙት ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይኤፍፒአይ ሚል ጽሑፍም ታገኛለህ፣ በአጉሊ መነፅር ነው ሚታየው፣ ከዛ በፊት የታተመ ላይ ግን ባይኖር አይገርምም። ጭረት ብዙም አያስፈራም፣ ሚያስፈራው ወደ ብርሃን ስታደርገው በስዕሉ በኩል መርፌ ቀዳዳ መሳይ ብርሃን ካሳለፈ ነው፣ እሱ አይድንም።

ሸክላ ለገባበት ሰው

እሺ ሸክላውን ካልነካኸው እንደማይወጣልህ አውቃለሁ። መጀመሪያ ማጫወቻውን አስብ። ዘመድ ከአሜሪካ ይዞ ሚመጣው የድሮ ማጫወቻ 120 ቮልት ነው፣ የኛ መብራት 220፣ ስለዚ ትራንስፎርመር ትገዛለህ፣ እዚ ድረስ ሁሉም ሰው ያውቃል። ማይታወቀው ሌላው ነው፦ አሜሪካ መብራቱ 60 ሄርዝ ነው የኛ 50፣ ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል እንጂ ሄርዙን አይነካም፣ ብዙዎቹ የድሮ ማጫወቻዎች ደሞ ሞተራቸው ፍጥነቱን ሚወስደው ከሄርዙ ነው። ውጤቱ 33 ዙር መሆን ያለበት ሸክላ ወደ 28 ይወርዳል፣ ስሌየርን ከፍተህ ዱም ሜታል (ቀርፋፋውን የሜታል ዘርፍ) ትሰማለህ። ስለዚ ወይ በአዳፕተር ሚሠራ አዲስ ይሁን፣ ወይ ከአውሮፓ የመጣ፣ ወይ 50 ሄርዝ ሚል ጀርባው ላይ የተጻፈበት። ሻንጣ መሳይዋን ርካሽ ማጫወቻ ብዙም አልወዳትም፣ ብዙዎቹ መርፌያቸው ከባድ ነው፣ ደህና ማጫወቻ ላይ መርፌው ሸክላውን ሚጫነው ከ1.5 እስከ 2 ግራም ነው፣ እነሱ ግን ከእጥፍ በላይ ይጫናሉ፣ ብር አውጥተህ የገዛኸውን ራስህ ትፍቀዋለህ።

የህትመት መለየት ጉዳይ እዚ ጋ ነው ሚጦፈው። አንድ አልበም ሃምሳ ጊዜ ሊታተም ይችላል፣ ዋጋቸው ሰማይና ምድር ነው። ለምሳሌ የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያው፣ የእንግሊዙ የመጀመሪያ ህትመት በቨርቲጎ የወጣ ነው፣ መሃል ላይ ያለው ክብ ወረቀት ጥቁርና ነጭ ጥምዝምዝ ነው፣ ሲዞር አይንህን ያዞርሃል። ሻጩ "ኦርጅናል የ1970 ነው" ብሎህ መሃሉ ሌላ መልክ ካለው ተሰናበተው፣ ጥምዝምዝ ያለው ሁሉ ደሞ የመጀመሪያ ነው ማለት አይደለም፣ ኋላ ላይ ያንን አስመስለው በድጋሚ ያተሙ አሉ። የሜታሊካ ኪል ኤም ኦልን ደሞ ዘፈኖቹን ቁጠር፦ በ1983 ሜጋፎርስ ሲያወጣው አስር ዘፈን ነው፣ በ1988 ኤሌክትራ በድጋሚ ሲያሳትመው የሌላ ባንድ ሥራ የሆኑ ሁለት ዘፈኖች ተጨምረውበታል። አስራ ሁለት ዘፈን ያለውን ይዞ የ83 ነው ሚልህ ሰው ወይ አያውቅም ወይ አንተ እንደማታውቅ ገምቷል።

ዋናው ማረጋገጫ ግን ከመጨረሻው ዘፈን በኋላ ያለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረው ቁጥር ነው። ሽፋን ሊቀየር ይችላል፣ ከሌላ ሸክላ ሊወሰድ ይችላል፣ ያ ቁጥር ግን ፕላስቲኩ ላይ አብሮ የታተመ ነው። የስልክ ባትሪ በጎን አብርተህ አንብበው፣ ሁለቱንም ጎን። ዲስኮግስ ከ2000 ጀምሮ ሰዎች እየሞሉት ያለ ዳታቤዝ ነው፣ ቁጥሩን ስትጽፍለት የየት ሀገር የመቼ ህትመት እንደሆነ ይነግርሃል፣ ስንት እንደተሸጠም ያሳይሃል። ስለ ባንዱ ታሪክ ማወቅ ስትፈልግ ደሞ ሜታል አርካይቭስ ሚባል ድረ ገጽ አለ።

ደረጃ አሰጣጡን ልመድ፣ ኦንላይን ስታዝዝ በፎቶ ሳይሆን በሱ ነው ምትገዛው። ሚንት ማለት ያልተነካ፣ ኒር ሚንት ማለት እንደ አዲስ፣ ቪጂ ፕላስ ማለት ጥቂት ጭረት ያለው ግን ደስ ብሎህ ምትሰማው፣ ቪጂ ማለት ጫጫታ ያለው ነው። ከዛ ቀጥሎ ሚመጣው ጉድ ሚለው ደረጃ ስሙ አያታልልህ፣ እሱ ማለት ተጎድቷል ማለት ነው፣ ሌላ ቦታ ማታገኘው ብርቅ ነገር ካልሆነ አትግባበት። ለኔ ቪጂ ፕላስ ይበቃል፣ ሜታል ነው በዛ ላይ፣ ፀጥ ያለ ቦታ የለውም።

180 ግራም ሚል ተለጣፊ ደሞ አያስደንግጥህ። ክብደት ነው እንጂ ጥራት አይደለም። አዲስ የተቀነባበረም ሁሌ ይሻላል ማለት አይደለም፣ የሜታሊካ ዴዝ ማግኔቲክ በ2008 ሲወጣ ድምፁን ከመጠን በላይ አጩኸውት አድናቂው ራሱ አቤቱታ አሰምቷል፣ ጊታር ሚያስመስል የቪዲዮ ጌም ላይ የወጣው ቅጂ ከሲዲው ይሻላል ብለው እሱን ሲገለብጡ ነበር።

ከየት?

ደብረ ብርሃን ላይ ሜታል ሚሸጥ ሱቅ አትፈልግ። አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ እዛ አሮጌ እቃ ሚሸጡ ቤቶች፣ መርካቶ ምን አለሽ ተራ፣ እነዚህን ዞር ዞር እያልክ ማየት ነው። ብዙ ምታገኘው የሀገር ውስጥ ሸክላ ነው፣ የውጭ ሮክ አልፎ አልፎ ነው፣ ሜታል ደሞ እድል ነው። እቃ ሸጠው ወደ ሀገራቸው ሚመለሱ የውጭ ሰዎች ቤት ሚወጣው የተሻለ ነው። ከባለሱቁ ጋር ተግባባ፣ ስልክህን ስጠው፣ ጋሼ እንዲ እንዲ አይነት ሽፋን ያለው ከመጣ ደውሉልኝ በለው፣ ፎቶ በቴሌግራም ላክለት። የባንዱን ስም ቢረሳ አፅም የተሳለበትን አይረሳም። ተደራደር ግን አታጣጥል፣ "ይሄ እኮ ማንም አይገዛውም" ያልከው ቀን ቀጣዩን ላንተ አይደውልም። ስትመለስ ደሞ ከላምበረት ስትሳፈር ረዳቱ "ፖርቶ መጋላ ላይ ልጫነው" ካለህ እምቢ በል፣ ጭንህ ላይ ይዘኸው ግባ።

ከውጭ ማዘዝ ከፈለግክ ችግሩ ክፍያው ነው። ቴሌብር ውጭ አይሠራም፣ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ከባንክ ማግኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፣ ዶላሩም በሐምሌ 2016 በኛ አቆጣጠር ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚ እውነተኛው መንገድ ሰው ነው፣ ቨርጂኒያ ወይ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች የአክስት ልጅ። እዚ ጋ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ፦ ባንድካምፕ (ባንዶች ሥራቸውን ራሳቸው ሚሸጡበት ድረ ገጽ) ላይ ሸክላ ወይ ካሴት ስትገዛ አብዛኛውን ጊዜ ዲጂታሉ አብሮ ይሰጥሃል፣ ወዲያው ታወርደዋለህ። እቃው በአክስትህ ልጅ አድራሻ ይሂድ፣ እሷ ቤት ስድስት ወር ይቀመጥ፣ አንተ ግን የዛኑ ማታ በሙሉ ጥራት እየሰማህ ነው። ባንድካምፕ ከዲጂታል 15 ከእቃ ደሞ 10 በመቶ ነው ሚቆርጠው፣ አንዳንድ ወር የመጀመሪያው አርብ ላይ የራሱን ድርሻ ለባንዱ ይተዋል፣ ምትችል ከሆነ ያን ቀን ጠብቀህ ግዛ። ትንሽ ባንድ ሚኖረው በዚህ ነው፣ ሰው በስልኩ ሺ ጊዜ ቢያዳምጠው ሚደርሰው ሳንቲም ነው፣ አንድ ቲሸርት ግን ለጉዞ ነዳጅ ይሆነዋል።

የአክስትህን ልጅ እንዴት ትጠይቃታለህ? ልትመጣ ሳምንት ሲቀራት አይደለም። ያኔ ሻንጣዋ በጫማና በስልክ በቫይታሚን ሞልቷል፣ እያንዳንዱ ዘመድ ኪሎ ተከፋፍሏል። ቀደም ብለህ ንገራት፣ ክብደቱንም ንገራት፣ አንድ ሸክላ ከነሽፋኑ ከ250 እስከ 400 ግራም ነው። አስተሻሸጉንም አስረዳት፦ ሸክላው ከሽፋኑ ወጥቶ ከጀርባው ለብቻው ይቀመጥ፣ አለበለዚያ ሻንጣው ሲወረወር ጠርዙ ሽፋኑን ይቀደዋል፣ ከዛ በሁለት ካርቶን መሃል ሆኖ ሻንጣው መሃል በልብስ ተከብቦ ይተኛ። ደሞ ነፃ አይደለም ይሄ ውለታ፣ ስትመለስ በርበሬና ሽሮ ታስጭናታለህ።

ብርድ፣ ሙቀት፣ አይጥና ዕጣን

መግዛት ቀላል ነው፣ የኛ ሀገር አየር ነው ፈተናው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ብርዱ ሸክላውን አይጎዳውም፣ ግን መርፌው ያለባት ትንሽ ላስቲክ በብርድ ትደርቃለች፣ ጠዋት ጠዋት ድምፁ ደረቅ ይላል መርፌውም ይዘላል፣ ስለዚ ቤቱ ሞቅ እስኪል ጠብቅ፣ 20 ዲግሪ አካባቢ ነው ደስ ሚለው። ግን ለማሞቅ ብለህ ማንደጃውን አጠገቡ እንዳታስቀምጥ! ሸክላ ፕላስቲክ ነው፣ በ60 ዲግሪ ገደማ መላላት ይጀምራል፣ አንዴ ከተጣመመ እንደነበረ አይመለስም። ከደብረ ብርሃን ተነስተህ የጣርማበርን ዋሻ አልፈህ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርድ አየሩ ሌላ ሀገር ነው፣ መኪና ውስጥ መስኮት ሥር የተውከው ሸክላ ምሳ በልተህ እስክትመለስ ሳህን ሆኖ ይጠብቅሃል። ቆላ ምትኖር ከሆነ ቆርቆሮው ሥር ቆጥ ላይ አታስቀምጥ፣ ወለሉ አካባቢ ቀዝቃዛው ግድግዳ ጋ ይሁን።

ደጋ ላይ ግን ግድግዳ አታስጠጋ። የጭቃ ቤት በክረምት ግድግዳው እርጥበት ይስባል፣ ሽፋኑ ይሻግታል፣ ቢያንስ አንድ ጣት ይራቅ፣ ከመሬትም ከፍ ይበል። ጫማ ካርቶን ውስጥ ምትመጣዋን "አትብላ" ሚል የተጻፈባት ትንሽ ከረጢት አትጣል፣ እርጥበት ምትመጠው እሷ ናት፣ ሲዲና ካሴት ሳጥን ውስጥ ጨምራት። አይጥ ካርቶን ይወዳል፣ እሱን እንግዲህ እንደምታደርገው አድርግ። ዕጣንና የቡና ጭስ ደሞ ቅባት አለው፣ ሸክላው መስመር ውስጥ ይቀመጣል፣ ቡና ሲፈላ ማጫወቻውን ክደነው፣ ወይ ደሞ እማማን ዕጣኑን ሌላ ክፍል እንዲያጨሱት ለምናቸው፣ እሺ ካሉህ።

ሸክላ ሁሌ ቁሞ ነው ሚቀመጠው፣ ተደራርቦ አይተኛም። መደርደሪያ ለአናጢ ስታሠራ የውስጥ ከፍታው 34 ሴንቲ፣ ጥልቀቱ 33 ሴንቲ በለው፣ በየ35 ሴንቲው ደሞ ቋሚ ክፍልፍል ይኑረው፣ መቶ ሸክላ 30 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ረጅም ጣውላ ይጎብጣል። እንጨቱ የደረቀ መሆኑን አረጋግጥ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ በሁለት ወሩ ይጣመማል። ሽፋኑን ለመጠበቅ ወፈር ያለ ግልፅ ፌስታል ይበቃል፣ ለስላሳውንና ሽታ ያለውን የደብተር ልባስ ግን አትጠቀም፣ ከጊዜ ብዛት ሽፋኑ ላይ ይጣበቃል።

ማጠቢያ፦ ሦስት እጅ የተጣራ ውሃ (ለመኪና ባትሪ ሚጨመረው፣ አሲዱን አይደለም! ጠይቀህ ግዛ)፣ አንድ እጅ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ አንድ ጠብታ የእቃ ሳሙና። በለስላሳ ጨርቅ እንደ መስመሩ ዙሪያውን፣ መሃል ያለውን ወረቀት ሳታረጥብ፣ ከዛ በተጣራ ውሃ ብቻ ደግመህ አቁመህ አድርቅ። አረቄም አልኮል ነው ብሎ በደብረ ብርሃን አረቄ ያጠበ ሰው ሰምቻለሁ፣ ኧረ ተው፣ አረቄው ውስጥ ያለው ሌላው ነገር መስመሩ ውስጥ ይደርቃል፣ አረቄውም ያሳዝናል። አያትህ ቤት ደሞ ከባድና ተሰባሪ 78 ዙር ሸክላ፣ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ዘመን አይነት ካገኘህ ምንም አይነት አልኮል አታስነካው፣ ያሟሟዋል።

ቲሸርቱ፣ ፓቹ

ቲሸርት ላይ ሁለት መንገድ አለ፣ አዲስ ከባንዱ ሱቅ፣ ወይ ሰልባጅ ተራ። ሰልባጅ ውስጥ አንዳንዴ ተአምር ይወጣል፣ ሻጩ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ሚቆጥረው ቲሸርት ብሎ ነው። ማርካውን እይ፣ ብሮኩም፣ ጃያንት፣ ዊንተርላንድ ሚሉት በ80ዎቹና 90ዎቹ የባንድ ልብስ ሲያወጡ የነበሩ ናቸው። የእጅጌውንና የታችኛውን ጠርዝ ስፌት ቁጠር፣ አንድ መስመር ከሆነ ከ90ዎቹ አጋማሽ በፊት የመሆን እድሉ ሰፊ ነው፣ ሁለት መስመር ከሆነ ወደዚህ ይቀርባል። ከስዕሉ ሥር የተጻፈው ዓመት የስዕሉ ባለቤትነት ነው እንጂ ቲሸርቱ የተሠራበት ላይሆን ይችላል፣ 1988 ሚል ባለፈው ወር የታተመ ሞልቷል። ማርካውም እየተሰፋ ነው አሁን፣ ስለዚ ሦስቱንም አንድ ላይ አይተህ ፍረድ። ስዕሉን ዳሰው፣ የድሮ ስክሪን ፕሪንት ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ደቃቅ ስንጥቅ ያወጣል፣ በሙቀት የተለጠፈው ግን እንደ ፕላስቲክ ይላጣል።

አጣጠቡ፦ ገልብጠህ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ጥላ ላይ አስጣ። ካውያ ስዕሉን አይንካ። ልብስ አጣቢ ካለችህ በረኪና እንዳታስነካው ብለህ ሁለት ጊዜ ንገራት፣ ነጭ ይንጣ ብላ በቅንነት ነው ምታጠፋልህ።

አሁን ስለ ጥቁሩ እናውራ። በኛ ሀገር ከላይ እስከታች ጥቁር ለብሰህ ከወጣህ ሰው ሐዘን ነው ሚለው፣ መንገድ ላይ እትዬ እገሌ አስቁመው "ልጄ ምነው፣ ማን አረፈብህ?" ይሉሃል ከልባቸው አዝነው። ተረጋግተህ "ደህና ነን እትዬ፣ ማንም የለም፣ የሙዚቃ ልብስ ነው" በል፣ ለማሾፍ አትሞክር። ለቅሶ ቤት ደሞ ጥቁር ነው ብለህ አፅም ያለበትን ለብሰህ እንዳትሄድ፣ ቤተክርስቲያንም ያው። ለከተማ ምለብሰው ምትል ከሆነ የባንዱ ስም ብቻ ያለበትን ምረጥ፣ የሞተርሄድ ወይ የጁዳስ ፕሪስት ስም ማንንም አያስደነግጥም።

ምልክቱንም ሳታውቅ ደረትህ ላይ አትለጥፍ። አብዛኛው የሜታል ሰይጣን ምናምን ቲያትር ነው፣ እኔ አያስፈራኝም። ግን ቲያትር ያልሆነም አለ፦ በሰኔ 1992 በፈረንጆቹ ኖርዌይ በርገን አጠገብ የነበረው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተክርስቲያን ነዶ ሲወድም የፍርስራሹን ፎቶ ሽፋኑ ያደረገ የብላክ ሜታል ሲዲ በማግስቱ ዓመት ወጥቷል፣ ያ ፎቶ ዛሬም ቲሸርት ላይ ይሸጣል። አንዳንድ ባንድ ደሞ ዘረኛ ነው፣ ጥቁር ሰው ጠልቶ ሚዘፍንን ባንድ ስም ሸዋ ላይ ለብሶ መዞር ምን ይሉታል። ከመግዛትህ በፊት አምስት ደቂቃ ስለ ባንዱ አንብብ።

ፓች (ልብስ ላይ ሚሰፋ የባንድ ስም ወይ ስዕል ያለበት ቁራጭ ጨርቅ) ከቲሸርት ይረክሳል፣ በፖስታም ቀላል ነው፣ ለጀማሪ ከሁሉ እሱ ይሻላል። የጂንስ ጃኬት ፈልግና ትልቁን ፓች ጀርባው መሃል፣ ትንንሾቹን ዙሪያውን አድርገህ መጀመሪያ በስፒል አያይዘህ መስታወት ፊት እይ፣ ካማረህ በኋላ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰደው። በማስቲሽ አታጣብቅ፣ ታጥቦ ይለቃል። ሰፊው ክሩን ከፓቹ ጠርዝ ጋር አንድ ቀለም እንዲያደርግ ንገረው፣ ኪሱን ደሞ አብሮ እንዳይሰፋው። የውጭዎቹ እጅጌውን ቆርጠው ነው ሚለብሱት፣ ደብረ ብርሃን ላይ ግን እጅጌህን አትቁረጥ በቃ።

መዝገብ ያዝ፣ በደብተርም ይሁን በዲስኮግስ፦ ምን እንደሆነ፣ ያ የተጫረው ቁጥር፣ ከማን እንደገዛኸው፣ በስንት። ያዋስከውንም ጻፍ፣ የተዋሰው ሰው ፊት ጻፈው፣ ያኔ ይመልሳል። ድርብ ያለህን አትሽጥ፣ ቀይር፣ አዲስ አበባም ደሴም ሜታል ሚሰማ ሰው አለ፣ በፎቶ ተነጋግራችሁ ስትገናኙ ግን ማጫወቻ ያለበት ቤት ተገናኙ፣ የሱንም ያንተንም ሁለቱንም ጎን እስከመጨረሻው አጫውቱ፣ ከዛ ነው ምትለዋወጡት።